አባቴን ይዤ ወደ ድሮ ሌኒንግራድ ልሄድ ነው፤ ምን ላሳየው?

ማርታ_ጉለሌ · ግንቦት 6

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በ1971 ዓ.ም. ለትምህርት ሌኒንግራድ ሄዶ፣ ስድስት ዓመት ፖሊቴክኒክ ተምሮ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላያትም። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ሲናደድ ዛሬም የሚናደደው በሩስኛ ነው። እኔና ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠራቅመን፣ ከሰኔ 29 እስከ ሐምሌ 6 ይዤው ልሄድ ወስነናል። ከተማዋ አሁን ሴንት ፒተርስበርግ ተብላለች፤ እሱ ግን «ሌኒንግራድ» ከማለት ሌላ አያውቅም።

የምጠይቃችሁ ብዙ ነው። ገንዘብ እንዴት ይያዛል? ከሞስኮ በምን እንሂድ? ደረጃ ሳይበዛበት ምን ላሳየው? አባቴ የሰኔን ጾም ስለሚጾም የሚበላውስ ያገኛል? ከሁሉ በላይ የምፈራው፣ ያሰባትን ከተማ አጥቶ እንዳያዝንብኝ ነው።

ኪሩቤል_ጉዞ · ግንቦት 6

እህቴ፣ ሐሳብሽ ደስ ይላል። ሥራዬ የጉዞ ወኪልነት ስለሆነ ከወረቀቱና ከገንዘቡ ልጀምር፤ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው።

በውጭ አገር ባንክ የወጣ የቪዛም ሆነ የማስተርካርድ ካርድ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሩሲያ ውስጥ አይሠራም። «እዚያ ስደርስ ከማሽን አወጣለሁ» ብለሽ እንዳትሄጂ። የምታወጡትን በሙሉ በጥሬ ዶላር ወይም በዩሮ ያዙ፤ ኖቱ አዲስ፣ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት ይሁን። ባንክ ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት መንዝሩ። ከአገር ስትወጡ ዶላሩን የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ።

ለቱሪስት ቪዛ ከሆቴል ወይም ከሩሲያ አስጎብኚ ድርጅት የግብዣ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሩስያውያኑ «ፕሪግላሼኒዬ» ይሉታል። አባትሽ ቃሉን ያውቁታል። ድንበር ላይ የሚሰጣችሁን ትንሽ የፍልሰት ካርድ ፓስፖርቱ ውስጥ አድርጉት፤ ስትወጡ ይጠየቃል። ምዝገባውን ሆቴሉ ራሱ ያደርግላችኋል፤ ዘመድ ቤት ካደራችሁ ግን ባለቤቱ ሄዶ ማስመዝገብ አለበት።

አንድ የምሥራች፦ የሞስኮና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። የእጅ ሰዓታችሁን አትነኩም፤ አባትሽም እንቅልፋቸው አይዛባም። ከብርሃኑ በቀር ማለቴ ነው። በዚያ ወር ሌሊቱ አይጨልምም፤ ወፍራም መጋረጃ ያለው ክፍል ጠይቂ።

ከከተማው ውጭ አንድ ቦታ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ፒተርሆፍ የሚባለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥትና መናፈሻ ይሁን። ፏፏቴዎቹ ከተሠሩበት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ፓምፕ ነው የሚሠሩት፤ ውኃው ከከፍታ ቦታ በራሱ ክብደት ወርዶ ነው ወደ ላይ የሚዘለው። ከኤርሚታዥ ሙዚየም ፊት ለፊት ካለው ወደብ በፈጣን ጀልባ በኔቫ ወንዝና በባሕሩ ትደርሳላችሁ።

ሩት_ሞስኮ · ግንቦት 7

ማርቲ፣ እኔ ሞስኮ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ፒተር (እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራት) ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ከሞስኮ በባቡር ሂዱ። 650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፈጣኑ ባቡር «ሳፕሳን» አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ግን አባትሽ የድሮ ተማሪ ከሆነ የሌሊቱን «ቀይ ፍላጻ» አስቢበት፤ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የሚሠራ ባቡር ነው፤ ከእኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይነሣል። ጠዋት ሻይ ያመጡላችኋል፤ ዓይናችሁን ስትገልጡ እዚያ ናችሁ።

ስለ ደረጃው አትጨነቂ፤ ሜትሮው (የምድር ውስጥ ባቡሩ) እስካሌተር አለው። ከዓለም ጥልቅ ከሆኑት ሜትሮዎች አንዱ ስለሆነ እስካሌተሩ ላይ ደቂቃዎች ትቆማላችሁ፤ አድሚራልቴይስካያ ጣቢያ 86 ሜትር ከምድር በታች ነው። ነገር ግን የይስሐቅ ካቴድራል አናት ላይ ያለው የአምዶች ሰገነት ከ200 በላይ ደረጃ ስላለው እሱን ተዪው፤ ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል።

ሆቴል ስትይዢ አንድ ነገር አስተውዪ። የኔቫ ድልድዮች ሌሊት ይከፈታሉ። የቤተ መንግሥት ድልድይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ካለፈ በኋላ ለመርከብ ተሰንጥቆ ይነሣል። እሱን ቆሞ ማየት የማይረሳ ነገር ነው፤ ግን ማደሪያችሁ ቫሲሊየቭስኪ ደሴት ላይ ከሆነና እናንተ ወዲህ ማዶ ከቀራችሁ እስኪዘጋ ትጠብቃላችሁ። ለአባትሽ ኔቭስኪ ጎዳና አካባቢ ያዢ።

ሲም ካርድ ለውጭ አገር ሰው ማውጣት አሁን አስቸጋሪ ነው፤ ካርታውን ከቤት ሳትወጪ ስልክሽ ላይ አውርጂ። የሆቴሉንም አድራሻ በሩስኛ በወረቀት አጽፊ።

ሰላም_ዱባይ · ግንቦት 7

ወይዘሮ ማርታ፣ የእኔ ከጉብኝት ወጣ ያለ ነው፤ ለሌላውም አንባቢ ስለሚጠቅም ልናገር። ሩሲያ ጦርነት ላይ ናት። በድሮን ምክንያት አውሮፕላን ማረፊያ ለሰዓታት የሚዘጋበት ቀን ስላለ በመሸጋገሪያ በረራዎች መካከል ሰፊ ጊዜ ተዉ። የጦር ሠራዊት ግቢ፣ ወደብና ወታደር ፎቶ አታንሡ፤ ስለ ጦርነቱ አደባባይ ላይ አታውሩ።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ስሙኝ፦ «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አለ» የሚል ደላላ ሲመጣባችሁ ሽሹ። በሩስኛ ብቻ የተጻፈ ውል ላይ ማንም እንዳይፈርም። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የሄዱ ልጆች የጥበቃ ሥራ መስሏቸው የፈረሙት ወደ ጦር ግንባር እንደወሰዳቸው በየዜናው ሰምተናል። እኔም በሠፈሬ እናቱ የምታለቅስለት ልጅ አውቃለሁ።

የኔቫ_ዳር · ግንቦት 8

ልጄ ማርታ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም ከ1974 እስከ 1980 ዓ.ም. እዚያው ሌኒንግራድ ነበርኩ። አባትሽን ሳላውቃቸው አልቀርም፤ ባላውቃቸውም ያደሩበትን አልጋ አውቀዋለሁ።

«ያሰባትን ከተማ ያጣት ይሆን» ብለሻል። አያጧትም። ስሟ ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ፣ በ1991 ደግሞ ወደ ጥንቱ ተመለሰች (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ድንጋዩና ወንዙ ግን እዚያው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ለቱሪስት የተጻፈውን ዝርዝር ይዘሽ አታሯሩጫቸው። ፒተርሆፍም፣ ሌላውም፣ ሌላውም እያልሽ በሰባት ቀን ሃያ ቦታ ብታሳያቸው የራሳቸውን ከተማ እንግዳ ሆነው ነው የሚያዩት። አንዱን ቀን ሙሉ የእሳቸው አድርጊው።

እንዲህ አድርጊ። በቀይ መስመር ሜትሮ ፖሊቴክኒቼስካያ ውረዱ። በእኛ ጊዜ አምስት ኮፔክ ሳንቲም ነበር የምንከተው። ከጣቢያው ስትወጡ ዛፍ የሞላበት ግቢና ነጩ ትልቅ ሕንጻ አለ። እዚያ ስትደርሱ አንቺ ዝም በዪ፤ እሳቸው ራሳቸው ይመሩሻል።

ከዚያ በአንድ ጣቢያ ወደ መሐል ተመልሳችሁ ፕሎሽቻድ ሙዤስትቫ ውረዱና በታክሲ ፒስካርዮቭካ መቃብር ሂዱ። ሩቅ አይደለም። በጀርመን ከበባ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 8 ቀን 1941 እስከ ጥር 27 ቀን 1944፣ ለ872 ቀን ከተማዋ ታንቃ ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ብርድ ለሠራተኛ ላልሆነ ሰው በቀን የሚደርሰው ዳቦ 125 ግራም ነበር፤ እሱም ግማሹ ዳቦ ያልሆነ ነገር። ፒስካርዮቭካ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተኝቷል፤ አብዛኛው በረሃብ የሞተ ሲቪል ነው። መቃብሩ ሣር የለበሰ ረጅም መደብ ነው፤ ስም የለውም፤ ድንጋዩ ላይ ዓመቱ ብቻ ተቀርጿል። 1942። 1942። 1942።

ይህን ለምን እንደምነግርሽ ልጨርስልሽ። የማደሪያችን ጥበቃ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ሁላችንም «ቲዮቲያ» ነበር የምንላት፣ አክስቴ ማለት ነው። በከበባው ጊዜ ሕጻን ልጅ ነበረች፤ እናቷና ታናሽ ወንድሟ ፒስካርዮቭካ ናቸው፤ የትኛው መደብ ውስጥ እንደሆኑ ግን አታውቅም። ጠረጴዛ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ትተን ከተነሣን ትቆጣን ነበር፤ በጣቷ ለቅማ ትበላው ነበር። በ77ቱ ድርቅ የወሎን ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየች ዕለት ግን ምንም አልተናገረችም። ማታ በየክፍላችን እየዞረች ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ግማሽ ግማሽ ጥቁር ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችን። እኛ ጠግበን የምናድር ተማሪዎች ነን፤ እሷ ግን አገራችሁ ተራበ ብላ ለእኛ ሰጠችን። አንዳችንም «አንፈልግም» ማለት አልቻልንም።

ፒስካርዮቭካ የሚሄድ ሰው አበባ ይወስዳል፤ ዳቦ የሚያኖርም አለ። ልጄ፣ ብትችዪ 1942 ከሚለው ድንጋይ በአንዱ ላይ ለእኔ ቁራሽ ጥቁር ዳቦ አኑሪልኝ።

ማርታ_ጉለሌ · ግንቦት 8

ጋሼ፣ አነበብኩት፤ ለወንድሜም አነበብኩለት። ለአባዬ ግን ገና ነው፤ ጉዞውን አልነገርነውም። ዳቦውን አኖራለሁ፤ ቃሌ ነው።

ሄኖክ_ዘመጻሕፍት · ግንቦት 9

ከጋሼ በኋላ መጻፍ ይከብዳል፤ ቢሆንም የእኛ ሰው እዚያች ከተማ ውስጥ የራሱን አሻራ የሚያገኝባቸው ቦታዎች ስላሉ ላክል።

አንደኛው ሞይካ ቦይ ዳር ቁጥር 12 የሚገኘው የሩስያዊው ገጣሚ የፑሽኪን የመጨረሻ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ቆስሎ የሞተው እዚያ ነው፤ ሰዓቱ በሞተበት ቅጽበት ላይ ቆሟል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ45። የጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ መልሕቅ የተደገፈ ጥቁር ልጅ ምስል ያለበት የቀለም ቢልቃጥ አለ፤ ጓደኛው ቅድመ አያቱን አስቦ የሰጠው ስጦታ ነው። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ነው። ከቁስጥንጥንያ ተወስዶ ለሩሲያው ንጉሥ ለታላቁ ጴጥሮስ የተሰጠ አፍሪካዊ ልጅ፤ ጴጥሮስ የክርስትና አባት ሆነው፤ ፈረንሳይ ተምሮ ወታደራዊ መሐንዲስና ጄኔራል ለመሆን በቃ።

ኪሩቤል_ጉዞ · ግንቦት 9

ኢትዮጵያዊ በለው እንጂ ወንድሜ! አዲስ አበባ ሳር ቤት የፑሽኪን አደባባይ ለምን ቆመ?

ሄኖክ_ዘመጻሕፍት · ግንቦት 9

ወንድሜ፣ እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ጋኒባል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1742 በጻፈው ማመልከቻ የተወለደበትን ከተማ «ላጎን» ነው ያለው፤ አገሩን አልጠቀሰም። ቤተሰቡ ያቆየው የሕይወት ታሪክ ሐበሻ ነው ይላል። አኑቺን የተባለ ሩስያዊ ምሁር በ1899 ኤርትራ ውስጥ ያለው ሎጎ ነው አለ፤ የቤኒኑ ተወላጅ ኛማንኩ ደግሞ በ1990ዎቹ የዛሬዋ ካሜሩን ሎጎን ነው ብሎ ጠንካራ ማስረጃ አቀረበ። ክርክሩ ስላልተዘጋ ሙዚየም ውስጥ ከአስጎብኚ ጋር ባንከራከር ይሻላል። ቢልቃጡን ግን እዩት።

ጥርጥር የሌለበት የእኛ ሰው ልንገራችሁ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በልጅነታቸው ከዐድዋ በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው ፒተርስበርግ ውስጥ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ዛሬም ከጴጥሮስና ጳውሎስ ምሽግ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ 6 ሰዓት፣ መድፍ ይተኮሳል። ስትሰሙት እሳቸውን አስቧቸው።

ሌላው ኩንስትካመራ ነው፤ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1714 የመሠረተው ሙዚየም። ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 በሙዚየሙ ተልኮ ሐረር ድረስ ሄዶ፣ ያኔ ደጃዝማች ተፈሪ የነበሩትን ፎቶ አንሥቶ፣ ብዙ የኢትዮጵያ ዕቃ ሰብስቦ ለዚሁ ቤት አምጥቷል። ልጆች ካሉ ግን ተጠንቀቁ፤ በማሰሮ የተቀመጡ አካለ ጎደሎ ጨቅላዎች ያሉበት ክፍል አለ፤ ልብ ይሰብራል።

ከከተማ ውጭ ደግሞ እኔ ፒተርሆፍን ሳይሆን ጻርስኮዬ ሴሎን እመርጣለሁ። ፑሽኪን የተማረበት ትምህርት ቤት እዚያ ነው፤ ከተማዋም ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ከቪቴብስኪ ባቡር ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በናዚዎች ተዘርፎ የጠፋው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደ አዲስ ተሠርቶ የተከፈተው፣ ግድግዳው በአምበር (እንደ ድንጋይ በጠጠረ የዛፍ ሙጫ) የተለበጠው የአምበር ክፍል የሚገኘውም እዚያው በካትሪን ቤተ መንግሥት ነው።

ትዕግሥት_አሽዶድ · ግንቦት 10

የእስራኤል ፓስፖርት ያለን ቪዛ አንጠየቅም። ባለፈው ዓመት ሩስኛ ተናጋሪ ከሆነች የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄጄ ነበር። ኤርሚታዥ ሰኞ ዝግ ነው፤ እኛ ሳናውቅ ሰኞ ሄደን አንድ ቀን ባከነብን። ውስጡ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ዕቃ አለ ይባላል፤ ሁሉንም አያለሁ ያለ ሰው ምንም ሳያይ ይወጣል። እኔ ለሬምብራንት «የጠፋው ልጅ መመለስ» ብቻ አንድ ሰዓት ሰጠሁት። አባትየው ሁለት እጁን የልጁ ጀርባ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል፤ የልጁ ጫማ አልቆ ተረከዙ ይታያል። አግዳሚ ወንበር ስላለ አባትሽ ሊቀመጡ ይችላሉ።

ቀለመወርቅ · ግንቦት 11

ስለ ጾሙ ማንም ስላልመለሰ ልጻፍ። የሰኔ ጾም እነሱም አላቸው፤ የጴጥሮስ ጾም ይሉታል። እኛ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ስንጀምር እነሱ ሳምንት ዘግይተው ይገባሉ፤ የምንፈታው ግን በአንድ ቀን፣ ሐምሌ 5 ነው። ልደትም፣ በአብዛኛው ጥምቀትም፣ እንዲሁ ከእነሱ ጋር እኩል ይውላል። ምግብ ቤት ስትገቡ «ፖስትኖዬ» በሉ፤ የጾም ማለት ነው። ግሬችካ የሚሉት የጥቁር ስንዴ ገንፎ፣ እንጉዳይ፣ ድንች፣ ጎመን አይጠፋም፤ «ስቶሎቫያ» የሚባሉት ራስ አገዝ ምግብ ቤቶች ርካሽ ናቸው። ዓሣ በብዙ የጾም ቀን ስለሚበሉ «ፖስትኖዬ» ባሉት ውስጥ ዓሣ ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ።

ቀኑን አስተውላችሁ ከሆነ ሐምሌ 5 እዚያው ናችሁ። የከተማዋ ጥንታዊ ካቴድራል በጴጥሮስና ጳውሎስ ስም ነው፤ ከምሽጉ ውስጥ 122 ሜትር ከፍ ብሎ የሚታየው የወርቅ ጫፍ የእሱ ነው፤ ነገሥታቱም የተቀበሩት እዚያ ነው። ጾሙን እዚያ ፍቱ! ቅዳሴውን መቆም፣ ሻማ ማብራት ትችላላችሁ፤ ሥጋ ወደሙ ግን በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል አንድነት ስለሌለ አይቆረብም። ነጠላሽን ያዢ፤ ሴት ራሷን ትሸፍናለች።

ማርታ_ጉለሌ · ሐምሌ 14

ወገኖቼ፣ ተመልሰናል። ቃል በገባሁት መሠረት እጽፋለሁ።

ኪሩቤል፣ ዶላሩን እንዳልከው ይዘን ሄድን፤ አልተቸገርንም። ሩት፣ በ«ቀይ ፍላጻ» ነው የሄድነው፤ አባዬ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነጋ። ፒተርሆፍም ጻርስኮዬ ሴሎም አልሄድንም። ይቅርታ፤ የጋሼን ምክር ሰማን።

ፖሊቴክኒቼስካያ ስንወርድ አባዬ እጄን ለቀቀ። ከጣቢያው ወጥቶ ሳይጠይቅ ወደ ግቢው ሄደ፤ ስለ ጉልበቱም ያነሣው ነገር የለም። ማደሪያው በር ላይ አንዲት ወጣት ጥበቃ ማን እንደሆነ ጠየቀችው። መለሰላት፤ የተናገረውን አልገባኝም፤ ልጅቷ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ የራሷን ወንበር ሰጠችው። ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። በኋላ ምን እንዳለችው ስጠይቀው «አነጋገርህ የአያቴ ነው አለችኝ» አለኝ። ለካ አባዬ የሚናገረው ሩስኛ ዛሬ ወጣት የማይናገረው የዚያ ዘመን ሩስኛ ኖሯል።

ኤርሚታዥ ማክሰኞ ሄድን። ትዕግሥት ያልሽውን ሥዕል አገኘነው፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ቆየን። ሌላ ብዙም አላየንም።

ሐምሌ 5 ምሽጉ ካቴድራል ነበርን። ሰው ሞልቶ ነበር። ስንወጣ እኩለ ቀን ሆኖ መድፉ ተተኮሰ፤ እኔ ደነገጥኩ፤ አባዬ ሰዓቱን አይቶ «ልክ ነው» አለ። ከዚያ በቦልሻያ ኮንዩሼናያ ጎዳና በተማሪነቱ የሚያውቀው፣ በዘይት የተጠበሰ፣ የስኳር ዱቄት የተነሰነሰበት ቂጣቸውን፣ «ፒሽኪ» የሚሉትን፣ የሚሸጥበት ቤት ዛሬም አለ። ጾሙን በእሱና በወተት ቡና ፈታ።

ጋሼ፣ ፒስካርዮቭካ የሄድነው በመጨረሻው ቀን ነው። ዳቦውን ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። ለአባዬ የጻፉልንን እዚያው በሩ ላይ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ ሴትዮዋን በስሟ ጠራት። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊትም እዚያው ነበረች፤ የእሱም ቲዮቲያ ናት። ከዳቦው እኩሌታውን ቆርሶ ያዘ። 1942 ከሚለው ድንጋይ አንዱ ላይ የእርስዎን እኔ አኖርኩ፤ የራሱን እሱ አኖረ። ስልክ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ፤ ስልክዎን እየጠበቀ ነው።

የኔቫ_ዳር · ሐምሌ 14

ደውዬለታለሁ፣ ልጄ። ሁለት ሰዓት አወራን። ቅዳሜ ጉለሌ እመጣለሁ።